የወፍጮ ሞተርን ከረንት በማግኔት ሴንሰር መለካት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከደብረ ማርቆስ

ጥቅምት 6

ሞተሩ 15 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ሰሌዳው 30 አምፔር ይላል፤ የሚነሳው በስታር ዴልታ ነው፤ መጀመሪያ በአነስተኛ ከረንት ተነስቶ ኋላ ወደ ሙሉ ኃይል የሚሸጋገርበት አያያዝ ነው። ከሚሠራው መሣሪያ ሁለት ነገር ይፈለጋል። አንደኛው ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ማሳወቅ፣ ሁለተኛው ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ሲጠፋ ወዲያው ማቋረጥ ነው። የወፍጮ ሞተሮችን ለማስጠቅለል ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ የፌዝ መጥፋት ነው። እየዞረ ያለ ሞተር አንድ ፌዝ ስለጠፋ አይቆምም፤ ድምፁን ለውጦ በቀሩት ሁለቱ ይጎትታል፤ በእነሱ ላይ ከረንቱ ወደ 1.73 እጥፍ ይወጣል። ፓነሉ ውስጥ ያለው ኦቨርሎድ፣ ማለትም ከረንት ከልክ ሲያልፍ የሚያቋርጠው መከላከያ፣ ይህን ለመያዝ የተሠራ ነው። ግን «ቶሎ ቶሎ ያቋርጣል» ተብሎ ማስተካከያው እስከ ጥግ የተጠመዘዘበት ወፍጮ ቤት ሞልቷል።

ከፍታውም አብሮ ይታሰባል። መደበኛ ሞተር የሚሠራው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለችው 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ማራገቢያ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። እዚህ ሞተሩን ከሰሌዳው አቅም 90 በመቶ ገደማ ላይ መገደብ ይገባል። ስለዚህ ለዚህ ወፍጮ ወሰኑ 30 ሳይሆን 27 አምፔር ነው። በጎጃም ደጋ ሞተር የሚተክል ሰው ይህን ቅናሽ ራሱ ማስላት አለበት፤ ሰሌዳው አይነግረውም።

ለምን በማግኔት? መስመሩ መሃል የሚገቡት ትናንሾቹ ኤሲኤስ712 ሰሌዳዎች ትልቁ ልካቸው 30 አምፔር ነው። ከዚያም ሽቦውን ቆርጦ በእነሱ በኩል ማሳለፍን ይጠይቃሉ። በእንዲህ ያለ ፓነል ውስጥ ለአንድ ትንሽ ተርሚናል ይህን ሁሉ ከረንት አደራ መስጠት አይገባም። በሽቦው ዙሪያ ተከፍቶ የሚገጠመው የከረንት መለኪያ፣ ኤስሲቲ-013፣ ለ50 ኸርዝ ጥሩ ነው፤ የሚገኝለት ሰው ቢጠቀምበት አያጣም። እዚህ የሆል ሴንሰር (የማግኔት መስክን ወደ ቮልቴጅ የሚለውጥ) የተመረጠው በተጨናነቀ ፓነል ውስጥ ቦታ ስለማይፈጅ፣ ዲሲም ስለሚለካና ያው መሣሪያ ኋላ ለሶላር ፓምፕ እንዲሆን ስለተፈለገ ነው።

ጥቅምት 9

መጀመሪያ ሴንሰሩን ያለ ምንም እምብርት፣ ማለትም መስኩን የሚሰበስብ ቀለበት ሳይኖር፣ ከሽቦው ጎን ማቆም ተሞከረ። ሴንሰሩ ኤስኤስ49ኢ ነው፤ ሦስት እግር አለው፤ በ5 ቮልት ይሠራል፤ ማግኔት በሌለበት ወደ 2.5 ቮልት ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ጋውስ 1.4 ሚሊቮልት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ሒሳቡ አጭር ነው። በቀጥተኛ ሽቦ ዙሪያ ያለው መስክ በማይክሮቴስላ ሲለካ፣ 20 በአምፔሩ ተባዝቶ ከሽቦው መሃል እስከ ሴንሰሩ ባለው ሴንቲሜትር ይካፈላል። በ1 ሴንቲሜትር ርቀት 30 አምፔር 600 ማይክሮቴስላ ይሰጣል፤ 6 ጋውስ ማለት ነው። በሴንሰሩ ላይ 8.4 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ንባቡን የሚወስደው ትንሽ ኮምፒውተር፣ አርዱዊኖ ናኖ፣ የሚለየው አንዱ እርከን 4.88 ሚሊቮልት ስለሆነ የሞተሩ ሙሉ ጭነት ከሁለት እርከን አያልፍም። ርቀቱም ጠንቅ አለው፦ ሴንሰሩ ከ10 ወደ 11 ሚሊሜትር ቢሸሽ ንባቡ በ9 በመቶ ይወርዳል። በሚንቀጠቀጥ ወፍጮ ቤት አንድ ሚሊሜትር ምንም አይደለችም።

ትልቁ ችግር ግን ጎረቤት ፌዝ ነው። ፓነሉ ውስጥ ሦስቱ ሽቦዎች በ3 ሴንቲሜትር ልዩነት ጎን ለጎን ይወርዳሉ። በእያንዳንዱ ሽቦ ፊት ለፊት 1 ሴንቲሜትር ላይ የቆመ ሴንሰር ከቅርብ ጎረቤቱ 10 በመቶ፣ ከሩቁ 2.7 በመቶ ያህል ይቀበላል። ሦስቱ ፌዞች በ120 ዲግሪ ስለሚራራቁ ይህ ተጨማሪ ንባቡን ከፍ አያደርገውም፤ ይቀንሰዋል። ሦስቱም እኩል 30 አምፔር ሲሸከሙ የመሃሉ 27፣ የዳሮቹ 28.2 ገደማ ያሳያሉ። የማያውቅ ሰው «መሃሉ ፌዝ ደክሟል» ይላል፤ መስመሩ ግን ጤነኛ ነው። ያለ እምብርት መሥራት ግድ ለሆነበት ሰው መድኃኒቱ አንዱን ፌዝ ብቻ እየጫኑ ሦስቱንም ሴንሰር ማንበብ፣ የተገኙትን ዘጠኝ ቁጥሮች በሰንጠረዥ ማስቀመጥና በፕሮግራሙ ውስጥ መልሶ መፍታት ነው። በሽቦው ግራና ቀኝ ሁለት ሴንሰር አቁሞ ልዩነታቸውን መውሰድም ይረዳል፤ ከሩቅ የሚመጣው መስክ ሁለቱን እኩል ስለሚነካ ይጠፋል፤ የሽቦው የራሱ ምልክት እጥፍ ይሆናል።

ሦስቱ ሽቦዎች በአንድ ልባስ ውስጥ ባሉበት ኬብል ላይ ሴንሰር መለጠፍ ግን አይታሰብ። የሦስቱ ከረንት ድምር ዜሮ ስለሆነ መስካቸው ከኬብሉ ውጪ ይጠፋፋል። ክላምፕ ሜትርን በሙሉ ኬብል ላይ ነክሰው «ከረንት የለም» የሚሉም የሚሳሳቱት በዚሁ ነው።

የመሬት ማግኔትን በተመለከተ፦ በእኛ አካባቢ 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። ወደ ማግኔታዊው የምድር ወገብ ስለምንቀርብ አግድም ይተኛል ማለት ይቻላል። ለ50 ኸርዝ መለኪያ ቋሚ ስለሆነ ተጣርቶ ይወጣል። በዲሲ ግን ያለ እምብርት 1 ሴንቲሜትር ላይ ለቆመ ሴንሰር 1.8 አምፔር ያህል ሐሰት ይሰጣል፤ ሴንሰሩን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲያዞሩት ምልክቱ ይገለበጣል። ለሶላር ፓምፑ ይህ ይያዝ።

ጥቅምት 14

እምብርት ተጨመረ። ሐሳቡ ሽቦው በቀለበት ውስጥ አልፎ፣ ቀለበቱ መስኩን ሰብስቦ፣ አንድ ቦታ በተከፈተ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሴንሰሩን እንዲመታው ነው። የክፍተቱ ስፋት 2 ሚሊሜትር ተደረገ፤ የሴንሰሩ ውፍረት 1.5 ስለሆነ ሳይጨነቅ ይገባል። ጥሩ እምብርት ከተገኘ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ለአንድ አምፔር 6.28 ጋውስ ይሰጣል፤ ከባዶው ሽቦ 30 እጥፍ በላይ ነው።

ከተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣው አንድ ፊቱ ነጭ የሆነ ቢጫ ቀለበት በቀላሉ ይገኛል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይመከርም። የተሠራው ከብረት ዱቄት ሲሆን መስክን የመሳብ አቅሙ ከአየር 75 እጥፍ ብቻ ነው። 65 ሚሊሜትር የሆነው የቀለበቱ ዙሪያ ለ75 ሲካፈል 0.87 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ያ ሁሉ ልክ እንደ ተጨማሪ ክፍተት ይቆጠራል። ክፍተቱ 2 መሆኑ ቀርቶ 2.87 ስለሚሆን ንባቡ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ጥቁሩ ፌራይት አቅሙ 2000 አካባቢ ስለሆነ 94 ሚሊሜትር ዙሪያ ያለው ቀለበት የሚጨምረው 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የተመረጠው ይኸው ነው፦ የውጭ ዲያሜትሩ 38፣ የውስጡ 22 ሚሊሜትር የሆነ ሦስት ቀለበት።

ፌራይት እንደ ሸክላ ነው። በብረት መጋዝ አይቆረጥም፤ በደረቁ በግራይንደር ሲነኩት ይሰነጠቃል። የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፦ ቀለበቱ በሁለት እንጨት መካከል በላስቲክ ተደግፎ ይታሰራል፤ ጠርዙ የአልማዝ ዱቄት የያዘ ትንሽ ዲስክ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት፣ ሳይጫኑት ይሄዳል። ውሃ ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር የሚገናኝበት ሥራ ስለሆነ በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ ይሁን። ዱቄቱ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ማስክ፣ ለዓይን መነጽር ያስፈልጋል።

ከዚያ የሚበጀው ብልሃት ይመጣል። ከክፍተቱ በትክክል ትይዩ ባለው ጎን ላይ በዲስኩ ትንሽ መስመር ይጫርና ቀለበቱ በእጅ ይሰበራል። የስብራቱ ሁለት ፊቶች አንድ ለአንድ ስለሚገጥሙ መልሰው ሲጣመሩ መሃላቸው ያለው ክፍተት እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ ቀለበቱ ለሁለት ተከፍሎ ሽቦው ላይ ይገጠማል፤ ሽቦ መቁረጥም ተርሚናል መፍታትም አያስፈልግም። የትኛው ግማሽ ከየትኛው እንደሚገጥም በቀለም ምልክት ይደረግ፤ ከተቀላቀሉ ፊቶቹ አይስማሙም።

ጥቅምት 17

ሴንሰሩ በክፍተቱ ውስጥ ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ ፌራይቱ ሆኖ ይቆማል። 10 ዲግሪ ቢጋደል ስሕተቱ 1.5 በመቶ ነው፤ 20 ዲግሪ ቢጋደል 6 በመቶ ይደርሳል። በሁለቱም በኩል ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ተሰክቶ መሃል ላይ ቆመ፤ ክፍተቱም እንዳይጠብ ያው ፕላስቲክ ይጠብቀዋል። በእግሮቹ ሥር 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ተበየደ። ወደ ናኖው የሚሄዱት ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠማዘዙ፤ ሰፊ ቀለበት ሠርተው ከተተዉ እነሱ ራሳቸው ከጎረቤት ፌዝ ቮልቴጅ ይለቅማሉ።

ከሴንሰሩ የሚወጣው በአምፔር 8 ሚሊቮልት ገደማ ስለሆነ በኤምሲፒ6002 ማጉያ በሦስት ተባዛ፤ አንዱ ቺፕ ሁለት ማጉያ ስለያዘ ለሦስቱ ፌዞች ሁለት ቺፕ ይበቃል። የተለመደው ኤልኤም358 በ5 ቮልት ሲሠራ ከ3.5 ቮልት በላይ መውጣት ስለማይችል የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል፤ ለዚህ ቦታ አይሆንም። ሴንሰሩና ማጉያው የሚገናኙት በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው፤ ከካፓሲተሩ ወዲህ ያለው ነጥብ በ100 ኪሎኦም ወደ 2.5 ቮልት ይታሰራል። በሙቀት ሳቢያ ቀስ እያለ የሚንሸራተተው የሴንሰሩ ዜሮ በዚህ ይጠፋል። ለሶላር ፓምፑ ሲዞር ይህ ካፓሲተር ይወጣል፤ ዲሲ አያሳልፍምና።

በሦስት የተባዛበት ምክንያት አለው። በአምፔር 24 ሚሊቮልት ሲሆን፣ 2.5 ቮልት አናት ላይ የሚደርሰው 104 አምፔር ላይ ነው፤ በአርኤምኤስ፣ ማለትም ሜትር በሚያሳየው የኤሲ ልክ፣ 73። ፌዝ ሲጠፋ የሚመጣውን 52 አምፔር ሳይቆረጥ ያያል። በአምስት ቢባዛ ዝቅተኛው ንባብ ይጠራል፤ ግን ልንይዘው የፈለግነው አደጋ ራሱ ከልክ ውጪ ይሆናል።

ናኖው ሦስቱን ቻናል በየተራ ሲያነብ በአንድ ሰከንድ ለእያንዳንዱ 3000 ገደማ ናሙና ይወስዳል፤ በአንድ የ50 ኸርዝ ዑደት 60 ማለት ነው። የሚሰላው በ200 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በዐሥር ሙሉ ዑደት ነው፦ አማካዩ ይቀነሳል፣ ቀሪው በራሱ ይባዛል፣ ተደምሮ ይካፈላል፣ ሥሩ ይወጣል። ሙሉ ያልሆነ ዑደት ከተወሰደ ከረንቱ ሳይለወጥ ንባቡ ይወዛወዛል። ሴንሰሩና የናኖው ማመሳከሪያ ከአንድ 5 ቮልት ይጠጡ፤ የኤስኤስ49ኢ ውጤት ከሚሰጠው ቮልቴጅ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ምንጩ ቢዋዥቅም ሁለቱ ይካካሳሉ።

ጥቅምት 20

ማስተካከያ። ከዚህ ሁሉ ሥራ የማይዘለለው ይህ ነው። የሴንሰሩ ዝርዝር ላይ ያለው 1.4 ሚሊቮልት አማካይ ነው፤ ክፍተቱም በዲስክ የተቆረጠ ስለሆነ ልኩ ከቀለበት ቀለበት ይለያያል። እያንዳንዱ ቀለበት በራሱ ሴንሰር፣ በራሱ ማጉያ ተፈትኖ የራሱን ቁጥር ማግኘት አለበት።

ለዚህ የእንጀራ ምጣድን የሚተካከል ጭነት የለም። ጠመዝማዛ ሽቦው ንጹሕ ተቃዋሚ ስለሆነ ሞገዱ አይዛባም፤ ከረንቱም ከፍ ያለ ነው። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ220 ቮልት 15.9 አምፔር ይወስዳል። መስመሩ በጭነቱ ወደ 205 ቮልት ስለወረደ የተገኘው 14.8 ነበር። ስለዚህ ከሰሌዳው አይሰላም፤ ክላምፕ ሜትር በዚያው ሽቦ ላይ፣ በዚያው ሰዓት ይነበባል።

የምጣዱ አንድ ሽቦ፣ ማለትም ፌዙ ብቻ፣ በባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ተጣጣፊ ሽቦ ተቀጥሎ በቀለበቱ ውስጥ በተደጋጋሚ ያልፋል። ባለፈ ቁጥር ከረንቱ ይባዛል። የሚቆጠረው በቀዳዳው ውስጥ ያለፈው ነው እንጂ ከውጪ የዞረው አይደለም። ክላምፑ ግን ያልተጠመጠመውን ነጠላ ሽቦ ይንከስ። ከአንደኛው ቀለበት፣ ከማጉያው በኋላ የተነበበው ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ሲያልፍ 14.8 አምፔር 351 ሚሊቮልት፤ ሁለት ጊዜ፣ 29.6 አምፔር 702፤ አራት ጊዜ፣ 59.2 አምፔር 1403። ሦስቱም ወደ 23.7 ሚሊቮልት በአምፔር ይወጣሉ፤ ቀለበቱ ገና አልጠገበም (ተጨማሪ መስክ መሸከም አልተሳነውም)፣ ማጉያውም አልቆረጠም ማለት ነው። ሌሎቹ ሁለት ቀለበቶች 24.3 እና 22.8 ሰጡ። ምጣዱ ባዶውን እንዳይቃጠል እያንዳንዱ ንባብ ከአንድ ደቂቃ በታች ይለቅ፤ የተጠመጠመውም ሽቦ እጅ ውስጥ መሞቅ ከጀመረ ይቁም።

ጥቅምት 25

ወደ ፓነሉ። ዋናው ብሬከር ወርዶ ተቆለፈ፤ ሦስቱም ፌዝ በመለኪያ ተፈትሾ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው እጅ የገባው። ቀለበቶቹ የተገጠሙት ከብሬከሩ ወደ ዋናው ኮንታክተር (በጥቅል ማግኔት ወደሚዘጋውና ወደሚከፈተው ትልቅ ማብሪያ) በሚወርዱት ሦስት ሽቦዎች ላይ ነው። ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። በስታር ዴልታ ፓነል ከኮንታክተሮቹ ወደ ሞተሩ ስድስት ሽቦ ይሄዳል፤ ዴልታ ላይ እያንዳንዱ የሚሸከመው ከመስመሩ 58 በመቶ ብቻ ነው። መስመሩ 30 ሲሆን እነሱ 17.3 ያሳያሉ። ቀለበት እዚያ ገብቶ ወሰኑ 27 ላይ ከተሞላ መሣሪያው ሞተሩ እስኪቃጠል ዝም ይላል።

ቀለበቶቹ ከኮንታክተር ጥቅሎች 10 ሴንቲሜትር ራቁ፤ ጥቅሎቹም የ50 ኸርዝ መስክ ያወጣሉና። የወፍጮ ቤት ዱቄት እንደ ጭስ በየቀዳዳው ይገባል፤ ክፍተቱና ሴንሰሩ በሲሊኮን ተዘጉ፣ ናኖው ክዳን ባለው ሣጥን ገባ። ኮንታክተር ሲለቅ ናኖው እየጠፋ ሲነሳ ታየ፤ በጥቅሉ ተርሚናሎች ላይ ለኤሲ የተሠራ የ100 ናኖፋራድና የ100 ኦም ማርገቢያ ሲጨመር ቆመ።

ኅዳር 3

ንባብ። ባዶውን ሲዞር 11 አምፔር ነው። ጤፍ ሲፈጭ 23 እስከ 25፤ በቆሎ በሰፊው ሲለቀቅበት 27 አልፎ 28 ነካ። ስታር ላይ ሲነሳ 60 አካባቢ ደርሶ ይወርዳል። ከ11 አምፔር ተነስቶ «አንድ ሦስተኛ ጭነት አለው» ማለት ስሕተት ነው፤ ባዶ ሞተር የሚወስደው በአብዛኛው ራሱን ለማግኔት የሚያውለው ከረንት ነው። ከግማሽ ጭነት በታች አምፔር ስለ ሥራው ብዙም አይናገርም፤ ከዚያ በላይ ግን ታማኝ ነው።

ማታ ማታ በየቤቱ ምጣድ ሲሰካ ሦስቱ ፌዞች እኩል አይጫኑም፤ አንዱ ይዳከማል። የሞተር ከረንት ደግሞ ለዚህ ስስ ነው፦ 1 በመቶ የቮልቴጅ አለመመጣጠን ከ6 እስከ 10 በመቶ የከረንት አለመመጣጠን ያመጣል። ስለዚህ «ፌዞቹ በ10 በመቶ ከተለያዩ አቋርጥ» የሚል ደንብ ወፍጮውን በየምሽቱ በከንቱ ያስቆመዋል። የተመረጠው ይህ ነው፦ ከሦስቱ አንዱ ከአማካዩ ከ30 በመቶ በላይ ዝቅ ካለና 1 ሰከንድ ከቆየ ያቋርጥ፤ አማካዩ ከ27 በላይ 60 ሰከንድ ከቆየ ደወል ይሰማ፤ ከ30 በላይ 20 ሰከንድ ከቆየ ያቋርጥ። በመነሻው 10 ሰከንድ የጭነት ወሰኖቹ አይታዩም፤ የፌዝ መጥፋቱ ግን ይታያል። የሚያቋርጠው ሪሌ ከኮንታክተሩ ጥቅል ጋር በተከታታይ ገባ። ነባሩ ኦቨርሎድም በቦታው አለ፤ ማስተካከያው በሚቆጣጠረው ሽቦ ላይ ለመስመሩ 27 አምፔር በሚስማማው ልክ ተመለሰ።

ኅዳር 5

የፌዝ መጥፋት ሙከራ፣ ሞተሩ ባዶውን እየዞረ። አንዱ ፌዝ ሲለቀቅ የእሱ ንባብ ወደ 0.3 ወረደ፤ የቀሩት ከ11 ወደ 19 ወጡ፤ ሪሌው አቋረጠ። በዚያው ቅጽበት በጠፋው ፌዝ የሞተር ተርሚናል ላይ ቮልቴጅ ተለካ፤ ከጤነኛው ብዙም አያንስም። እየዞረ ያለ ሞተር የጠፋውን ፌዝ ራሱ ያመነጫል። ቮልቴጅ ብቻ የሚያይ የፌዝ መከታተያ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚታለለው በዚህ ነው። ከረንት አይታለልም፤ በተቆረጠ ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ነገር የለምና።

ኅዳር 19

ሦስተኛው ቀለበት ከክላምፕ ሜትሩ ጋር ሲተያይ 6 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሴንሰሩ አልተበላሸም። በንዝረቱ ማሰሪያው ላልቶ የስብራቱ ፊቶች ተከፍተዋል፤ በ2 ሚሊሜትር ክፍተት ላይ 0.13 ሚሊሜትር ሲጨመር የሚጠፋው 6 በመቶ ነው። በመሃላቸው የገባው የዱቄት ብናኝ በአልኮል ተጠርጎ፣ ፊቶቹ እንደ ቀለም ምልክቱ ተጋጥመው፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ፈንታ ቀለበቱን ዙሪያውን በሚጨብጥ የጎማ ቱቦ ማሰሪያ ታሰረ፤ ከማሰሪያው ብረት ሥር ላስቲክ ገባ። ማሰሪያው በክፍተቱ ላይ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ብረት ስለሆነ መስኩን በአቋራጭ ያሳልፈውና ሴንሰሩን ያስርበዋል። እዚያ ጋ በናይሎን ገመድ ተተካ። ንባቡ ወደ 22.8 ተመለሰ፤ ሌሎቹ ሁለት ቀለበቶችም በዚያው መንገድ ታሰሩ።